የአንድን ትልቅ ሙሉ ቁጥር ባሕርያት በእርሳስና በወረቀት እንዴት መመርመር ይቻላል?

ለፈተና የሚዘጋጁ ተማሪዎችና ልጆቻቸውን የሚያስጠኑ ወላጆች ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ አነጋገሩ ይለያይ እንጂ ፍሬ ነገሩ አንድ ነው። ስምንት ወይም ዘጠኝ አኃዝ ያለው ቁጥር ቢሰጠኝ፣ ብቸኛ ቁጥር መሆን አለመሆኑን፣ በምን በምን እንደሚካፈልና ስንት አካፋዮች እንዳሉት በምን አውቃለሁ? ለእያንዳንዱ ጥያቄ የተለየ ዘዴ መፈለግ ጊዜ ያባክናል። ቁጥሩን አንድ ጊዜ ወደ ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ከተነተኑት፣ የቀረው መልስ ሁሉ ከዚያው ትንተና ላይ ይነበባል። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ትልቁ ክፍል ትንተናውን ያለ ስህተት ስለ መሥራት ነው።

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምንሠራበት ቁጥር 38,924,424፣ ማለትም ሠላሳ ስምንት ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ ሃያ አራት ሺህ አራት መቶ ሃያ አራት ነው። ቁጥሩ የተለየ ዝና የለውም፤ የመረጥሁት ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱባቸው ቦታዎች ሁሉ በውስጡ ስለሚገኙ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ብቸኛ ቁጥር የምንለው ከ1 የሚበልጥና ከ1 እና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለውን ሙሉ ቁጥር ነው። አርቢ የምንለው ደግሞ አንድ ቁጥር ስንት ጊዜ በራሱ እንደተባዛ የሚያሳየውን ትንሽ አኃዝ ነው፤ በ2³ ውስጥ አርቢው 3 ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር። አኃዞቹ በየቤታቸው ካልተሰለፉ ረጅም ማካፈል ላይ መሳሳት የማይቀር ነው።
- እርሳስና ላጲስ።
- እስከ 100 ያሉት 25 ብቸኛ ቁጥሮች ዝርዝር፦ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13፣ 17፣ 19፣ 23፣ 29፣ 31፣ 37፣ 41፣ 43፣ 47፣ 53፣ 59፣ 61፣ 67፣ 71፣ 73፣ 79፣ 83፣ 89፣ 97። በደብተሩ ሽፋን ውስጥ ቢለጥፉት ይጠቅምዎታል።
- ቢያንስ 10 አኃዝ የሚያሳይ ካልኩሌተር፣ ለማመሳከሪያ ብቻ።

ማስጠንቀቂያ፦ ካልኩሌተሩ ወይም ስልኩ የማካፈል ውጤቱን በነጥብ አሳጥሮ ሊያሳይዎት ይችላል። ድርሻው ሙሉ ቁጥር መስሎ ስለታየ ብቻ ያለ ቀሪ ተካፍሏል ብለው አይደምድሙ፤ ድርሻውን በአካፋዩ መልሰው ያባዙና የመጀመሪያውን ቁጥር በትክክል ማግኘትዎን ያረጋግጡ።

ደረጃ 1፦ ቁጥሩን በሦስት በሦስት አኃዝ ከፍለው ይጻፉ፤ ሁለት የመለያ ምልክቶችም ይመዝግቡለት

ከቀኝ ወደ ግራ በመቁጠር ቁጥሩን 38 | 924 | 424 ብለው ይክፈሉት። ከዚያ የሚከተሉትን ሁለት ውጤቶች በገጹ ራስጌ ላይ ይጻፉ።

የመጀመሪያው የአኃዞቹ ድምር ነው፦ 3 + 8 + 9 + 2 + 4 + 4 + 2 + 4 = 36። ሁለተኛው፣ ከቀኝ በኩል ጀምሮ ቡድኖቹን አንዱን በመደመር ቀጣዩን በመቀነስ የሚገኘው ነው፦ 424 − 924 + 38 = −462።

ሁለቱም የሚያስፈልጉበት ምክንያት አለ። ትልቅ ቁጥር ሲገለበጥ በብዛት የሚፈጸመው ስህተት ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አኃዞችን ማቀያየር ሲሆን፣ የአኃዞች ድምር ይህን ስህተት ፈጽሞ አያሳይም። 38,924,424 በስህተት 38,942,424 ተብሎ ቢጻፍ ድምሩ አሁንም 36 ነው። በቡድን ማፈራረቁ ግን 424 − 942 + 38 = −480 ስለሚሰጥ ስህተቱን ወዲያውኑ ያጋልጠዋል። እነዚህ ሁለት ውጤቶች ከማመሳከሪያነታቸው በተጨማሪ በደረጃ 3 እና በደረጃ 5 በቀጥታ ይሠራሉ፤ ስለዚህ የሚባክን ድካም የለም።

ደረጃ 2፦ በ2 መካፈል እስኪያቅተው ድረስ በ2 ያካፍሉ

የአንድ ቤት አኃዝ 4 ስለሆነ ቁጥሩ ተጋማሽ ነው። በስንት የ2 ርቢ እንደሚካፈል አስቀድሞ ለማወቅ የመጨረሻዎቹን ሁለት፣ ሦስትና አራት አኃዞች ይመልከቱ። 24 በ4 ይካፈላል፤ 424 በ8 ይካፈላል፣ 8 × 53 = 424 ነውና። 4,424 ግን በ16 ሲካፈል 8 ይቀራል። ይህ የሚሠራው 100 በ4፣ 1,000 በ8፣ 10,000 ደግሞ በ16 ያለ ቀሪ ስለሚካፈሉ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ቤቶች በቀሪው ላይ ለውጥ ስለማያመጡ ነው። እንግዲህ 2 በትክክል ሦስት ጊዜ ይወጣል ማለት ነው።

38,924,424 ÷ 2 = 19,462,212
19,462,212 ÷ 2 = 9,731,106
9,731,106 ÷ 2 = 4,865,553

የመጨረሻው ኢተጋማሽ ስለሆነ ከ2 ጋር ያለን ጉዳይ እዚህ ላይ አበቃ። በገጹ ዳር 2³ ብለው ይመዝግቡ።

ደረጃ 3፦ በ3 ያካፍሉ፤ ከእያንዳንዱ ማካፈል በኋላ የአኃዞቹን ድምር እንደገና ያስሉ

የአኃዞቹ ድምር በ3 ከተካፈለ ቁጥሩም በ3 ይካፈላል፤ ድምሩ በ9 ከተካፈለ ቁጥሩም በ9 ይካፈላል። ምክንያቱ 10፣ 100፣ 1,000 እና ሌሎቹም የ10 ርቢዎች በ9 ሲካፈሉ ሁልጊዜ 1 ስለሚቀራቸው፣ እያንዳንዱ አኃዝ በየትኛውም ቤት ቢቀመጥ ለቀሪው የሚያበረክተው ራሱን ብቻ መሆኑ ነው።

4,865,553 የአኃዞቹ ድምር 36 ነው፤ ስለዚህ 4,865,553 ÷ 3 = 1,621,851።
1,621,851 የአኃዞቹ ድምር 24 ነው፤ ስለዚህ 1,621,851 ÷ 3 = 540,617።
540,617 የአኃዞቹ ድምር 23 ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ እናቆማለን። 3² ይመዝግቡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ደንብ ወደ 27 አይዘልቅም። የ1,899 አኃዞች ድምር 27 ነው፤ ቁጥሩ ግን በ27 ሲካፈል 9 ይቀራል። “ድምሩ በ27 ተካፈለ፤ እንግዲያው 3³ አለው” የሚለው አመክንዮ በጣም የተለመደ ስህተት በመሆኑ፣ አንድ በአንድ በ3 ማካፈልን እመርጣለሁ፤ ቀርፋፋ ቢመስልም አያሳስትም።

ደረጃ 4፦ በ5 ይፈትሹ

የአንድ ቤት አኃዝ 0 ወይም 5 ካልሆነ ቁጥሩ በ5 አይካፈልም። 540,617 በ7 ስለሚጨርስ ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ደረጃ 5፦ 7ን፣ 11ን እና 13ን በአንድ ጊዜ ይፈትሹ

ለ7 በየመጽሐፉ የሚሰጠው ደንብ፣ የመጨረሻውን አኃዝ በ2 አባዝቶ ከቀሪው ላይ መቀነስ ነው። ደንቡ ትክክል ቢሆንም ለትልቅ ቁጥር ደጋግሞ መሥራትን ይጠይቃል፤ የሚያገለግለውም ለ7 ብቻ ነው። ከዚህ የተሻለው ዘዴ 7 × 11 × 13 = 1,001 በመሆኑ ላይ የተመሠረተ ነው። 1,000 ከ1,001 በ1 ስለሚያንስ፣ አንድ ቁጥር በ7፣ በ11 ወይም በ13 ሲካፈል የሚቀረውን ለማወቅ ስንፈልግ 1,000ን እንደ −1፣ 1,000,000ን ደግሞ እንደ +1 መቁጠር እንችላለን። በደረጃ 1 የሦስት አኃዝ ቡድኖቹን በማፈራረቅ የደመርነውና የቀነስነው ለዚህ ነበር። ውጤቱ በ7 ከተካፈለ ዋናው ቁጥር በ7 ይካፈላል፤ ለ11 እና ለ13ም እንዲሁ ነው።

540 | 617 ሲፈተሽ 617 − 540 = 77 ይሆናል። 77 = 7 × 11 ነው። በአንድ መቀነስ ብቻ ሦስት ነገር አወቅን፤ ቁጥሩ በ7 ይካፈላል፣ በ11 ይካፈላል፣ በ13 ግን አይካፈልም። (በደረጃ 1 ያገኘነው −462 ደግሞ 6 × 77 ከነአሉታዊ ምልክቱ ስለሆነ ይህንኑ ይመሰክራል።)

540,617 ÷ 7 = 77,231

አሁን ወደ 11 ከመዝለልዎ በፊት 7ን እንደገና ይፈትሹ፤ አንድ ብቸኛ ቁጥር አንድ ጊዜ መውጣቱ ሁለተኛ ጊዜ እንዳይወጣ አይከለክለውም። 231 − 77 = 154 ሲሆን 154 = 7 × 22 ነው፤ እንደገና በ7 ይካፈላል።

77,231 ÷ 7 = 11,033

33 − 11 = 22፤ 22 በ7 አይካፈልም፣ በ11 ግን ይካፈላል።

11,033 ÷ 11 = 1,003

3 − 1 = 2፤ ከሦስቱ በአንዳቸውም አይካፈልም። 7² እና 11 ይመዝግቡ።

አንድ ብቸኛ ቁጥር ተፈትሾ “አይካፈልም” ከተባለ፣ ቁጥሩ በሌሎች ተካፍሎ ካነሰ በኋላ ወደ እርሱ መመለስ አያስፈልግም። ማካፈል አካፋይ ይቀንሳል እንጂ ቀድሞ ያልነበረ አካፋይ አይፈጥርም። ስለዚህ 13 ለ540,617 ከተሰረዘ ለ1,003ም ተሰርዟል።

ደረጃ 6፦ የት ላይ ማቆም እንዳለብዎት ይወስኑ

ብዙ ሰው ሥራውን የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ 1,003ን አይቶ፣ በትናንሾቹ ሁሉ አልካፈል ስላለ ብቻ ብቸኛ ነው ብሎ ያቆማል፤ ሌላው ደግሞ ማቆሚያውን ስለማያውቅ እስከ 1,000 ድረስ ሊፈትሽ ይነሳል።

ማቆሚያው የቁጥሩ ዳግም ዘር፣ በተለምዶ ስኩዌር ሩት የሚባለው ነው። አንድ ቁጥር የሁለት ሙሉ ቁጥሮች ብዜት ከሆነ፣ ሁለቱም ከዳግም ዘሩ ሊበልጡ አይችሉም፤ ሁለቱም ከበለጡ ብዜታቸው ከቁጥሩ ይበልጣልና። ስለዚህ ብቸኛ ያልሆነ ማንኛውም ቁጥር ከዳግም ዘሩ የማይበልጥ ቢያንስ አንድ ብቸኛ አካፋይ አለው ማለት ነው፤ እስከዚያ ድረስ ፈልገው ካጡ ቁጥሩ ብቸኛ ነው።

ለ1,003፦ 31 × 31 = 961፣ 32 × 32 = 1,024፤ ስለዚህ እስከ 31 መፈተሽ በቂ ነው። እስከ 13 ያሉት ስላለቁ የቀሩት 17፣ 19፣ 23፣ 29 እና 31 ብቻ ናቸው። የመጀመሪያውን ስንሞክር፣

1,003 ÷ 17 = 59

ያለ ቀሪ ይካፈላል። 1,003 ብቸኛ ይመስል ነበር፤ ግን አልነበረም። አሁን የቀረው 59 ነው፤ ማቆሚያውም አብሮ ወርዷል። 8 × 8 = 64 ከ59 ስለሚበልጥ 59ን መፈተሽ የሚያስፈልገው እስከ 7 ብቻ ነው፤ እስከ 7 ያሉት ደግሞ ቀድመው ተፈትሸዋል። 59 ብቸኛ ነው፤ ትንተናው አልቋል።

ማቆሚያውን ከእያንዳንዱ ማካፈል በኋላ እንደገና ማስላት ያለውን ጥቅም ያስተውሉ። የዋናው ቁጥር ዳግም ዘር ከ6,238 በላይ ነው፤ ማቆሚያውን በመጀመሪያው ቁጥር ላይ ተክሎ የሚሠራ ሰው እስከዚያ ድረስ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ሊፈትሽ ይገደዳል። እኛ ግን ከ17 በላይ መሄድ አላስፈለገንም።

ብቸኛ የሆነ ቁጥር ሲያጋጥምዎት ሥራው ምን እንደሚመስል ለማየት 1,009ን ይውሰዱ። ኢተጋማሽ ነው፤ የአኃዞቹ ድምር 10 ነው፤ በ5 ወይም በ0 አይጨርስም፤ 9 − 1 = 8 ስለሆነ በ7፣ በ11 እና በ13 አይካፈልም። በ17 ሲካፈል 6፣ በ19 ሲካፈል 2፣ በ23 ሲካፈል 20፣ በ29 ሲካፈል 23፣ በ31 ሲካፈል 17 ይቀራል። ማቆሚያው እዚህም 31 ስለሆነ 1,009 ብቸኛ ነው። ቀሪዎቹን እንዲህ በዝርዝር መጻፍ መምህሩን ለማስደሰት ብቻ አይደለም፤ የትኛውን እንደዘለሉ የሚታወቀው በዚህ ብቻ ነው።

ደረጃ 7፦ መልሰው ያባዙ

የመዘገቧቸውን በአንድ መስመር ይጻፉ፦

38,924,424 = 2³ × 3² × 7² × 11 × 17 × 59

ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ ያባዙ፦ 8 × 9 = 72፤ 72 × 49 = 3,528፤ 3,528 × 11 = 38,808፤ 38,808 × 17 = 659,736፤ 659,736 × 59 = 38,924,424። ከዚህ በኋላ ያሉት ስሌቶች ሁሉ በዚህ መስመር ላይ የተመሠረቱ ስለሆኑ፣ እዚህ ያለፈ አንድ ስህተት እስከ መጨረሻው ይከተልዎታል። ይህን ደረጃ አይዝለሉ።

ደረጃ 8፦ ባሕርያቱን ከትንተናው ላይ ያንብቡ

*የአካፋዮቹ ብዛት።* በእያንዳንዱ አርቢ ላይ 1 ይደምሩና ያባዟቸው፦ 4 × 3 × 3 × 2 × 2 × 2 = 288። 1 የሚደመርበት ምክንያት፣ ማንኛውም የቁጥሩ አካፋይ ሲሠራ ከ2 ምንም አለመውሰድ ወይም አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ መውሰድ ስለሚቻል ምርጫዎቹ አራት መሆናቸው ነው፤ ለሌሎቹም እንዲሁ። 1ን መደመር የረሳ ሰው 3 × 2 × 2 × 1 × 1 × 1 = 12 ያገኛል፤ የተለያዩትን ብቸኛ አካፋዮች የቆጠረ ደግሞ 6 ይላል። 6 ትክክለኛ ቁጥር ነው፤ ግን የሌላ ጥያቄ መልስ ነው።

*የአካፋዮቹ ድምር።* ለእያንዳንዱ ብቸኛ አካፋይ ከ1 ጀምሮ እስከ መጨረሻው ርቢ ይደምሩ፤ ከዚያ ድምሮቹን ያባዙ።

1 + 2 + 4 + 8 = 15
1 + 3 + 9 = 13
1 + 7 + 49 = 57
1 + 11 = 12
1 + 17 = 18
1 + 59 = 60

15 × 13 × 57 × 12 × 18 × 60 = 144,050,400። ከዚህ ላይ ቁጥሩ ራሱ ሲቀነስ 105,125,976 ይቀራል። ከራሱ ውጭ ያሉት አካፋዮች ድምር ከራሱ ስለሚበልጥ ቁጥሩ ትርፍ ካላቸው ወገን ነው። ድምሩ እኩል ቢሆን ኖሮ፣ እንደ 6 እና እንደ 28፣ ፍጹም ቁጥር ይባል ነበር።

*የሌላ ቁጥር ዳግም ርቢ መሆን አለመሆኑ።* አርቢዎቹ ሁሉ ተጋማሽ መሆን አለባቸው። እዚህ የ2፣ የ11፣ የ17 እና የ59 አርቢዎች ኢተጋማሽ ስለሆኑ አይደለም። ከውጭ ለማመሳከር 6,238² = 38,912,644 እና 6,239² = 38,925,121 መሆናቸውን ያስሉ፤ ቁጥራችን በሁለቱ መካከል ይወድቃል። በመጨረሻው አኃዝ ብቻ መወሰን የሚቻለው በ2፣ በ3፣ በ7 ወይም በ8 ሲጨርስ ነው፤ እንዲህ ያለ ቁጥር በፍጹም ዳግም ርቢ አይሆንም። በ4 የሚጨርስ ግን ሊሆንም ላይሆንም ይችላል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚመጣው የፈተና ጥያቄ “ዳግም ርቢ እንዲሆን በትንሹ በስንት ይባዛ?” የሚለው ነው። አርቢያቸው ኢተጋማሽ የሆኑትን አንድ አንድ ጊዜ ያባዙ፦ 2 × 11 × 17 × 59 = 22,066። ሲባዛም የ926,772 ዳግም ርቢ ይሆናል።

*ከእርሱ ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ቁጥሮች ብዛት።* ከ1 እስከ 38,924,424 ካሉት ውስጥ እነዚህን ለመቁጠር፣ ቁጥሩን በእያንዳንዱ የተለየ ብቸኛ አካፋይ እያካፈሉ በአንድ በሚያንሰው ያባዙ። በ2 ተካፍሎ በ1 ሲባዛ 19,462,212፤ በ3 ተካፍሎ በ2 ሲባዛ 12,974,808፤ በ7 ተካፍሎ በ6 ሲባዛ 11,121,264፤ በ11 ተካፍሎ በ10 ሲባዛ 10,110,240፤ በ17 ተካፍሎ በ16 ሲባዛ 9,515,520፤ በ59 ተካፍሎ በ58 ሲባዛ 9,354,240 ይሆናል። እያንዳንዱ እርምጃ የዚያን ብቸኛ ቁጥር ብዜቶች ከመቁጠሪያው ያስወጣል። 7 በትንተናው ሁለት ጊዜ ቢገኝም እዚህ የሚሠራበት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የ7 ብዜቶች አንድ ጊዜ ከወጡ ደግመው አይወጡምና። ሁለት ጊዜ መጠቀም እዚህ ላይ የታወቀው ስህተት ነው።

*ከሌላ ቁጥር ጋር ያለው ትልቁ የጋራ አካፋይና ትንሹ የጋራ ብዜት።* 2,520 = 2³ × 3² × 5 × 7 ቢሰጥዎት፣ ለጋራ አካፋዩ ከሁለቱ አርቢዎች ትንሹን ይውሰዱ፦ 2³ × 3² × 7 = 504። ለጋራ ብዜቱ ትልቁን ይውሰዱ፤ ከቁጥራችን የጎደለው 5 ብቻ ስለሆነ 38,924,424 × 5 = 194,622,120 ይሆናል።

*በሁለትዮሽ አጻጻፍ።* 2²⁵ = 33,554,432 እና 2²⁶ = 67,108,864 ስለሆኑ ቁጥሩ 26 የሁለትዮሽ አኃዞች አሉት፦ 10 0101 0001 1111 0000 1000 1000። መጨረሻው ላይ ያሉት ሦስት ዜሮዎች በደረጃ 2 ያገኘነውን 2³ ያረጋግጣሉ፤ ኮምፒውተር ለሚማር ሰው ይህ ጥሩ ማመሳከሪያ ነው።

ሌሎች የተለመዱ ስህተቶች

በ4 እና በ6 ስለሚካፈል በ24 ይካፈላል ማለት ስህተት ነው፤ 12 በሁለቱም ይካፈላል፣ በ24 ግን አይካፈልም። ሁለት የማካፈል ፈተናዎችን ማጣመር የሚቻለው ሁለቱ አካፋዮች ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ከሌላቸው ብቻ ነው፤ ለ24 የሚሠራው ጥንድ 3 እና 8 ነው።

91ን፣ 119ን፣ 133ን፣ 221ን እና 247ን እንደ ብቸኛ መቁጠርም በየፈተናው የሚታይ ነው። 7 × 13፣ 7 × 17፣ 7 × 19፣ 13 × 17 እና 13 × 19 ናቸው፤ እነዚህን በቃል መያዝ ከብዙ ድካም ያድናል።

1ን ከብቸኛ ቁጥሮች ጋር አይመዝግቡ። 1 ቢገባ በትንተናው ላይ የፈለጉትን ያህል ጊዜ ሊደገም ስለሚችል ትንተናው አንድ ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ በደረጃ 8 የሠራነው ሁሉ ደግሞ የተመሠረተው ትንተናው አንድ ብቻ በመሆኑ ላይ ነው።

ደረጃ 9፦ ቁጥሩ ለእጅ ሥራ ሲበዛ

ከአሥር አኃዝ በላይ ለሆነ ቁጥር፣ በተለይ ትናንሾቹ ብቸኛ አካፋዮች ከወጡ በኋላ የቀረው ገና ትልቅ ከሆነ፣ ወደ ኮምፒውተር ይሂዱ። የሚመርጡት መሣሪያ ግን ለውጥ ያመጣል። ኤክሴል የሚይዘው 15 አኃዝ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን አኃዞች ሳይነግርዎት በዜሮ ይተካቸዋል። በነጥብ የሚያሰሉ ፕሮግራሞችም ከ9,007,199,254,740,992 (ይህ 2⁵³ ነው) በላይ እያንዳንዱን ሙሉ ቁጥር ለይተው መያዝ አይችሉም። ፓይተን ሙሉ ቁጥሮችን የቱንም ያህል ቢረዝሙ በትክክል ይይዛል፤ ሆኖም ድርሻን ለማግኘት // እና ቀሪን ለማግኘት % ይጠቀሙ። ነጠላው / ውጤቱን ወደ ነጥብ ቁጥር ስለሚቀይር ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል።

በኮምፒውተር ላይ ፈጣን የሆነ አንድ የብቸኝነት ፈተና፣ 2ን ቁጥሩ ሲቀነስ 1 ያህል ጊዜ አባዝቶ በቁጥሩ ሲያካፍሉ የሚቀረውን ማየት ነው። ከ2 የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር ከሆነ ቀሪው የግድ 1 ነው። ቀሪው 1 ካልሆነ ቁጥሩ ብቸኛ አለመሆኑ ተረጋገጠ። ቀሪው 1 ከሆነ ግን ገና አልተረጋገጠም፦ 341 ይህን ፈተና ያልፋል፣ ነገር ግን 11 × 31 ነው። ፈተናውን ለመጣል እንጂ ለማጽደቅ አይጠቀሙበት።

ተጽፎ የማያልቅ ቁጥር ቢያጋጥምዎት እንኳ አንዳንድ ባሕርያቱ በወረቀት ይገኛሉ። በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነውን ብቸኛ ቁጥር፣ 2 በአርቢ 136,279,841 ሲቀነስ 1ን እንውሰድ።

የመጨረሻው አኃዝ፦ የ2 ርቢዎች የአንድ ቤት አኃዞች 2፣ 4፣ 8፣ 6 እያሉ በየአራቱ ይደጋገማሉ። አርቢው በ4 ሲካፈል የሚቀረው 1 ስለሆነ (የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች፣ 41ን፣ ማየት በቂ ነው) ርቢው በ2 ይጨርሳል፤ 1 ሲቀነስ ቁጥሩ በ1 ይጨርሳል።

የአኃዞቹ ብዛት፦ አርቢውን በ2 ሎጋሪዝም (በመሠረት 10) ያባዙ፣ ከነጥብ በኋላ ያለውን ይጣሉ፣ 1 ይደምሩ። 1 መቀነሱ የአኃዞቹን ብዛት አይለውጥም፤ ማንኛውም የ2 ርቢ በ0 ስለማይጨርስ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሎጋሪዝሙን በተለመደው 0.30103 ከወሰዱት ብዜቱ 41,024,320.54 ገደማ ይሆንና መልሱ 41,024,321 አኃዝ ይመስላል። በ0.30102999566 ሲሠሩ ግን 41,024,319.95 ገደማ ያገኛሉ፤ ትክክለኛው መልስም 41,024,320 አኃዝ ነው። አርቢው ዘጠኝ አኃዝ ካለው ሎጋሪዝሙ ቢያንስ አሥራ አንድ የነጥብ ቤቶች ይኑሩት፤ ብዜቱ እንዲህ ለሙሉ ቁጥር ተጠግቶ ሲወጣ ደግሞ ቤቶቹን ጨምረው እንደገና ያስሉ።